በለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመው የልጄ ክትባት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ወላይታ ውስጥ ከቦምቤ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ሂሳብ አስተምር ነበር። አሁን ልጄ ሁለተኛ ክፍል ስለገባች ብዙ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር እንኳ አልረሳሁም። ሰው ስለ ደሙና ስለ ሕመሙ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ አዝኖ ነው። እኔ ኮርቼ ነው የምጽፈው።

በዚያን ክረምት ለመምህራን ሥልጠና ሶዶ ገብተን ነበር። ካገባሁ ገና አራት ወሬ ነበር። የአንድ ባልደረባችን ሚስት በወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ደም ስጡ ተባልንና አራት ሆነን ሄድን። የሦስቱ ደም ተወሰደ። እኔን ግን ታምራት የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ለብቻዬ ጠራኝ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቢጠና ከተማ ያደገ ልጅ ነው።

«እህቴ፣ ያንቺን ደም መውሰድ አንችልም» አለኝ። «ጉበት ላይ የሚቀመጥ ቫይረስ አለበት። ሄፓታይተስ ቢ ይባላል።»

«የወፍ በሽታ ነው?» አልኩት። እኛ ዘንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው ይባላል።

«ዓይንሽ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት?»

«ትናንት መረብ ኳስ ስጫወት ነው የዋልኩት።»

«እንግዲያው ጤነኛ ተሸካሚ ነሽ ማለት ነው። ቫይረሱ አለ፤ አንቺ ግን አልታመምሽም። ደም አትሰጪም፤ በየስድስት ወሩ ጉበትሽን ትታያለሽ። ባለቤትሽም ይመርመር።»

ጤነኛ ተሸካሚ የሚለው ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። አንድ ቁጥር ወይ ተጋማሽ ነው ወይ ኢተጋማሽ፤ ሁለቱንም አይሆንም። እኔ እንዴት ጤነኛም በሽታ ተሸካሚም እሆናለሁ? ታምራት አልተሰላቸም። ደጋግሞ አስረዳኝ። መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት እየሠራ መሆኑን ነገረኝና ፈቃዴን ጠየቀኝ። ቫይረሱ በስም አንድ ቢሆንም ዝርያው የተለያየ ነው፤ በእኛ አካባቢ ጤነኛ ሆነው በሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ የትኛው ዝርያ እንደሚገኝ ማወቅ ፈልጎ ነው። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ይላካል። ፈረምኩለት። ደም ልሰጥ ሄጄ ባዶ እጄን ከምመለስ ለአንድ ነገር ይጥቀም ብዬ ነው።

ባለቤቴ ጳውሎስ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነው። ማታ ነገርኩት። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ነይ እንሂድ፣ እኔም ልመርመር» አለኝ። ነጻ ሆነ። ሶዶ እየተመላለሰ ሦስቱንም ክትባት ተከተበ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ብዙ አልጽፍም፤ እሱ ራሱ አይወድም።

ወሬው ግን ትምህርት ቤት የደረሰው ከእኔ ቀድሞ ነው። መስከረም ላይ ሥራ ስንጀምር በመምህራን ክፍል ካሉት የሻይ ብርጭቆዎች አንዱ ሥሩ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቶ አየሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ሁልጊዜ ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ መሆኑን ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማን እንደቀባው አልጠየቅሁም። ሻዬን ጠጥቼ ክፍሌ ገባሁ። ያን ቀን ያስተማርኩት ክፍልፋይ ነበር። አንድ ተማሪ ሰሌዳው ላይ የሠራሁትን ስህተት ሲያርመኝ እንባዬ መጣ።

ወራት አለፉ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ታምራት ሳይታሰብ በአውቶቡስ መጣ። በስልክ የሚነገር አይደለም ብሎ ነው። ቤት ገብቶ እንደተቀመጠ ወረቀት አወጣ።

«ውጤቱ መጥቷል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዝርያ ነው የሚገኝበት። አንቺ ጋ ሁለት ተገኝቷል። ኤ እና ዲ የሚባሉት፣ ሁለቱም አንድ ላይ።»

በአንዱ ስንት ወር ተሸማቅቄ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሁለት።

«ሁለት ሆነው ጉበቴን ሊጨርሱት ነው?»

«አይደለም። ሁለት መሆናቸው ብቻውን ታማሚ አያደርግሽም። የቫይረሱ ብዛትም ደምሽ ውስጥ ትንሽ ነው፤ ጉበትሽም ደህና ነው። የመጣሁት ክትትልሽን እንዳታቋርጪ ልነግርሽ ነው።» ከዚያ ሆዴን አየና ወረቀቱን አጠፈ። «ይህን ግን አላወቅሁም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ እኔ ሳይሆን ስለሚወለደው ልጅ ነው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው በወሊድ ሰዓት ነው አለኝ። ሕፃኑ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከተከተበ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለሁሉም ሕፃናት የሚሰጠው ክትባት የሚጀምረው ግን በስድስተኛው ሳምንት ነው። ለእኔ ልጅ ይህ በጣም ይዘገያል።

«ክትባቱ ለሁለቱም ዝርያ ይሠራል?» አልኩት።

«ይሠራል። አንዱ ክትባት ለሁለቱም ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በክትባቱ እርግጠኛ ነኝ። እርግጠኛ ያልሆንኩት በመንገዳችሁ ነው።»

እውነቱን ነው። የመውለጃዬ ወር ዝናብ ላይ ይውላል፤ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ከእኛ ከተማ መኪና አይወጣም። ቀኔ ሳይደርስ ሶዶ ገብቼ እንድቀመጥ ተስማማን። «ምናልባት ቀድሞ ቢመጣስ?» አለ ታምራት። ለዚያ ክትባቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። ችግሩ ማስቀመጫው ነበር። የእኛ ጤና ኬላ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ክትባት የሚመጣለት በወር አንድ ጊዜ በበረዶ ሣጥን ነው፣ ማታ ይመለሳል። በከተማዋ ያለው ማቀዝቀዣ አንድ ብቻ ነው። እሱም የጋሽ ነስሩ ሱቅ ውስጥ ያለው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ነው።

ጋሽ ነስሩ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ እሱ ግን እኛው ከተማ አድጎ ወላይትኛ እንደኛው የሚናገር ነጋዴ ነው። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ወርቅነሽ ከምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሄድን። በመንገድ ላይ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ነበር። የስኳር መድኃኒት ነው ብል ማን ያውቃል? ግን ሱቁ ስደርስ መዋሸት አስጠላኝ። ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ሚዛኑን እየወለወለ ሰማኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እዚህ የሚቀመጠው በሽታው ነው መድኃኒቱ?»

«የልጄ ክትባት ነው፣ ጋሽ ነስሩ። በሽታ የለበትም።»

«እንግዲያው ይምጣ» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ታምራት ክትባቱን በበረዶ ዕቃ ይዞ መጣ። ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ብልቃጥ ናት። ከእሷ ጋር ትንሽ ቴርሞሜትር ነበረች። «ከስምንት በላይ ከወጣ ይበላሻል። ከሁለት በታች ወርዶ በረዶ ከሆነም ይበላሻል» ብሎ ለባለሱቁ አስረዳ። ጋሽ ነስሩ መሃል ያለውን መደርደሪያ ባዶ አደረገ። ታችኛውን ቅዝቃዜ እንዲይዝ ብሎ በውሃ ጠርሙስና በጥቂት ለስላሳ ሞላው። የቀረውን ለስላሳ ሁሉ ወደ ውጭ አወጣ። የሲጋራ ካርቶን ቀደደና በጀርባው ላይ መስመር አሰመረ። ጠዋትና ማታ ቁጥሩን እያየ ይጽፋል። ለስላሳ ቀዝቃዛ ስጠን ለሚሉት «የለም፣ በሩን በየደቂቃው አልከፍትም» ይላቸው ነበር።

ይህ ነገር ብዙ አልቆየም። በገበያ ቀን «ነስሩ የአስተማሪዋን በሽታ በለስላሳው መሃል ያስቀምጣል» የሚል ወሬ ተነሣ። ሰው ሱቁን ሸሸ። ለስላሳው ይቅርና ጨውና ሳሙና እንኳ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። እሱ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። የነገረችኝ ወርቅነሽ ናት።

እያፈርኩ ሄድኩ። «ጋሽ ነስሩ፣ ይቅር። ይመልሱልኝና ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ። ገበያዎን ማበላሸት አልፈልግም» አልኩት።

«ሌላ ዘዴ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አደራ ተቀብያለሁ፣ ቲቸር። ሰው አወራ ተብሎ አደራ አይመለስም። አንቺ ሂጂና አስተምሪ።»

ከሱቁ ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ከዚህ ሰው ጋር በሃይማኖት አንገናኝም፣ ዘመዴ አይደለም፤ እኔ ዝም ስላልኩ ግን ስሙ እየጠፋ ነው። ብርጭቆዬ ላይ ቀለም ሲቀቡ ዝም ብያለሁ፤ የሚነካው እኔን ብቻ ስለሆነ ችዬዋለሁ። አሁን ግን ዝምታዬ በሌላ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

በዚያው ሳምንት እናቴ ልታግዘኝና ቀኔ ሳይደርስ ሶዶ ይዛኝ ልትመለስ መጥታ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመግባታችን በፊት ልናገር መሆኔን ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ሰው ጓዳውን አደባባይ ያወጣል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ ቀድማኝ ሄደች።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ሽማግሌያችንን አቶ ማርቆስን አምስት ደቂቃ ለመንኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ሆዴን ይዤ ፊት ወጣሁ። በወላይትኛ ነው የተናገርኩት። ሁለት ዓይነት ቫይረስ ደሜ ውስጥ እንዳለ፣ እንዳልታመምኩ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥና በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ነገርኳቸው። በደም፣ በምላጭ፣ በባልና ሚስት ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ነገርኳቸው። «በነስሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው በሽታ አይደለም» አልኳቸው። «ይህ በሽታ ወደ ልጄ እንዳይሻገር የሚከለክለው ነው። ሰውየው ልጄን እየጠበቀልኝ ነው። መራቅ ካለባችሁ ከእኔ ራቁ፤ እሱን ግን አትበድሉት።»

ከኋላ ሕፃን አለቀሰ። ልቀመጥ ስል እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ፊደል ያልቆጠረች፣ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«ይቺን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ» አለች። «ካሉባት ሁለቱ አንዱ ከእኔ ይሆናል። በልጅነቷ እንጥሏን ያስቆረጥኳትም እኔ ነኝ። በዚያ ቀን በአንድ ምላጭ የስንቱ ልጅ ተቆረጠ። ሌላው ከዚያ ይሆናል። እሷ አላጠፋችም። እኔም ባለማወቅ ነው። አሁን ግን ሁላችሁም ሰማችሁ፤ ከዛሬ በኋላ የሚያስቆርጥ ሰው አላወቅሁም አይበል።»

ቀደም ብሎ ታምራትን ሁለቱ ከየት መጡ ብዬ ጠይቄው ነበር። በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል ብሎ የነገረኝን ቤት ውስጥ ለጳውሎስ ሳወራ እናቴ ሰምታ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን በሆዷ ይዛ ነበር የምትዞረው። ስትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ሴት ትከሻዋን ያዘች።

ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። ከዚያ በኋላም እጄን የማይጨብጡኝ ነበሩ። ግን በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና አቶ ማርቆስ ከዘራቸውን ይዘው ጋሽ ነስሩ ሱቅ በራፍ ላይ ቆሙ። ለስላሳ ጠየቁ። ጋሽ ነስሩ ከውጭ ካለው ሣጥን ሊያነሣ ሲል «ከዚያ ነው የምፈልገው» ብለው ማቀዝቀዣውን አሳዩት።

«ለእርስዎ ስል አንድ ጊዜ እከፍታለሁ» አላቸውና ፈጥኖ አውጥቶ ዘጋው። እሳቸው በራፉ ላይ እንደቆሙ፣ ገበያተኛው እያያቸው፣ ቀስ እያሉ ጠጥተው ጨረሱ። እኔ ይህን ያየሁት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሆኜ ነው።

ሶዶ ልሄድ የተቆረጠው ቀን ሰኞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ዝናቡ ወንዙን ሞላው። የዚያኑ ቀን መብራት ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ምጤ መጣ፤ ከቀኔ ሦስት ሳምንት ቀድሞ። ጳውሎስ መኪና ፍለጋ ሮጠ፣ መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ጤና ኬላ ወሰዱኝ። ወርቅነሽ ያዋለደቻቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። እኔን ያስጨነቀኝ ምጡ ሳይሆን መብራቱ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቷል። ብልቃጧ ምን ሆና ይሆን?

ልጄ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተወለደች። ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን ትልቅ ነበር። ጳውሎስ ወደ ሱቁ ሊሮጥ ሲነሣ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ነስሩ ነው፤ ጤና ኬላ መግባቴን ሰምቶ ኖሯል። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ውሃ ሆኗል። ታምራት ትቶለት የሄደውን የበረዶ ዕቃ በኮቱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል። በሌላው እጁ በፌስታል የታሸገ ካርቶን ይዟል።

«ቁጥሩን እዪው» አላት ወርቅነሽን፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

ወርቅነሽ ካርቶኑን ዘረጋች። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ በየሰዓቱ ጽፏል። አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስት ሲደርስ የሱቁን ጄኔሬተር አስነሥቷል፤ ወደ አራት ሲወርድ አጥፍቷል። ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ ረቡዕ ዕለት ከቦምቤ በሞተር ብስክሌት ነዳጅ አምጥቶ ኖሯል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ብልቃጧን ባወጣበት ሰዓት ያለው ቁጥር አምስት ነበር። ካርቶኑ ላይ አንድም ከስምንት በላይ፣ አንድም ከሁለት በታች የለም። በሂሳብ መምህርነቴ ብዙ ደብተር አርሜያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም።

ወርቅነሽ የልጄን ጭን ጠርጋ ወጋቻት፤ ሕፃኗ አለቀሰች። ጋሽ ነስሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር። «ተወጋች?» አለ።

«ተወጋች።»

«ተወልዳ ስንት ሰዓት ሆናት?»

«አንድ ሰዓት አልሞላትም» አለችው ወርቅነሽ።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ወደ ዝናቡ ተመልሶ ወጣ። እናቴ ተከትላው ወጥታ ዝናብ ላይ እጁን ስትስም ጳውሎስ አይቷታል። ጋሽ ነስሩም የእሷን ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር።

ልጄ ቀሪዎቹን ክትባቶች በወርቅነሽ እጅ በየጊዜው ወሰደች። ዓመት ካለፋት በኋላ ታምራት ሶዶ ላይ ደሟን መረመረ። ውጤቱን ሊነግረን ሲወጣ ገና ከሩቅ ፈገግ ብሎ ስለነበር ገባኝ። ኤ ሆነ ዲ፣ ከሁለቱ አንዱም ወደ ልጄ አልተሻገረም። ይልቁንም ሰውነቷ መከላከያውን ሠርቷል። ያን ለት እናቴ ከሶዶ መናኸሪያ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ለምን ብንላት «ለሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ልናገር ነው» አለች። ዛሬም በሰፈሯ ልጅ ሲወለድ ክትባቱን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷ ናት። ምላጭ ይዞ የሚመጣውንም በሩ ላይ ትመልሰዋለች።

ታምራት ጥናቱን ጨርሶ አንድ ቅጂ አሳይቶኛል። በውስጡ ስሜ የለም፣ ቁጥር ነኝ። ከቁጥሩ ፊት ለፊት ሁለት ፊደላት አሉ። ሁለቱም ዛሬም ደሜ ውስጥ አሉ። በየስድስት ወሩ እታያለሁ፤ ጉበቴ ደህና ነው፤ መረብ ኳስ ግን እድሜ አስተወኝ።

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታችን፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። በእርግዝና ምርመራ ተሸካሚ ነሽ ተብላ ነው። ብዙ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ልጄን ጠራኋት። ከጓሮ ስትጫወት ቆይታ ጭቃ የነካ እግሯን ይዛ ገባች። ጎረቤቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ «የተከተበችው ይቺ ናት?» አለችኝ። «ይቺ ናት» አልኳት። ልጄ ለምን እንደተጠራች አልገባትም፤ ተመልሳ ወጣች። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።